ዶሮዎቼ ይፈለፍላሉ፤ ቁጥራቸው ግን አይጨምርም፤ ምን ይሻለኛል?

ጥያቄ፦ አምስት እናት ዶሮዎች አሉኝ። ይታቀፋሉ፣ ይፈለፍላሉ፤ ነገር ግን ከዓመት ዓመት ቁጥራቸው ከስድስት ዘሎ አያውቅም። ባለቤቴ «እነዚህን ሸጠን 30 የተሻሻሉ እንቁላል ጣይ ዶሮዎች እንግዛ» ይላል። ከዶሮ የምናገኘው ገንዘብ ለልጆቻችን ትምህርት እንዲውል ነው ሐሳባችን። ቤታችን ውስጥ የሁለት ዓመት ሕፃንም አለ። የቱ ይሻለናል?

ምላሽ፦

እህቴ፣ አምስቱን እናት ዶሮዎች አይሽጧቸው። 30ዎቹን መግዛትም ቢያንስ ለአንድ ዓመት ያቆዩት። ይህን የምለው የአካባቢ ዝርያ ከተሻሻለው ይበልጣል ብዬ አይደለም። ዶሮዎችዎ እየታቀፉ እየፈለፈሉ ነው፤ የእነሱን ድርሻ ተወጥተዋል። ጥፋቱ የሚደርሰው ከተፈለፈለ በኋላ ነው። ያ ሳይስተካከል ሌላ ዶሮ ቢገባ፣ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ የፊተኞቹ በሄዱበት መንገድ ይሄዳል።

እስቲ አብረን እናስላው። ጓሮ ውስጥ ጭራ የምታድር የአካባቢ ዝርያ ዶሮ ከ12 እስከ 15 እንቁላል ጥላ ትታቀፋለች። 21 ቀን ተቀምጣ ትፈለፍላለች፤ ከዚያ ሁለት ወር፣ አንዳንዴም ሦስት ወር፣ ጫጩቶቿን ይዛ ስትዞር እንቁላል አትጥልም። እንዲህ እያለች በዓመት ሦስት ዙር ያህል ትሄዳለች። አምስቱ ዶሮዎችዎ ተደምረው 15 ጊዜ ይታቀፋሉ ማለት ነው። በእያንዳንዱ ዙር ዘጠኝ ጫጩት ቢወጣ በዓመት 135 ይሆናል። ከዘጠኙ ስድስቱ ሁለት ወር ሳይሞላቸው ቢሞቱ 45 ይተርፋሉ፤ ሦስቱ ብቻ ቢሞቱ ግን 90። አንድ ዶሮ ሳይገዛ፣ አንድ እንቁላል ሳይጨመር እጥፍ ሆነ። እርስዎ ቤት 45ቱም የሉም። ከዚህ ተነስቼ ሁለት ነገር እጠረጥራለሁ፦ ጫጩቶቹ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንድ በአንድ ያልቃሉ፤ በዓመት አንዴ ደግሞ በሽታ ገብቶ የቀረውን ጠራርጎ ይወስዳል። መላቸው የተለያየ ስለሆነ ለየብቻ ልሂድባቸው።

ከጫጩቶቹ ልጀምር፤ ገንዘብዎ በብዛት የሚፈስሰው እዚህ ላይ ነው።

ጫጩት ስትፈለፈል የእንቁላሉ አስኳል ቀሪ ሆዷ ውስጥ አለ፤ በእሱ ሁለት ቀን ያህል መቆየት ትችላለች። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን አያስጨንቅም። ችግሩ የሚጀምረው እናትየዋ በሦስተኛው ቀን ልጆቿን አስከትላ ስትወጣ ነው። ጫጩት ላባ እስክታወጣ ድረስ፣ ማለትም እስከ ሦስትና አራት ሳምንቷ፣ የራሷን ሙቀት መጠበቅ አትችልም። በመጀመሪያው ሳምንት የሚያስፈልጋት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል እየቀነሰ ይሄዳል። ይህን የምታገኘው ከእናቷ ክንፍ ሥር ነው። ጠዋት ጤዛ በያዘ ሣር ውስጥ እናቷን ስትከተል ሆዷ ሥር ያለው ለስላሳ ፀጉር ይረጥባል፣ ትቀዘቅዛለች፣ ወደ ኋላ ትቀራለች። ኋላ የቀረችውን ጭልፊት ወይም ድመት ይወስዳታል። ሰው «ጭልፊት በላት» ይላል፤ ከጭልፊቱ በፊት ግን ብርዱና ረሃቡ አድክመዋታል።

መፍትሔው ትልቅ ቅርጫት ነው። ከቀርከሃ፣ ከሸምበቆ ወይም ከቀጫጭን እንጨት በሰፊው የተሠራ፣ አየር የሚያስገባ፣ ሲደፋ እናትና ልጆቿን በምቾት የሚይዝ መሆን አለበት። ለመጀመሪያዎቹ አራት ሳምንታት እናትና ጫጩቶች ቀኑን እዚያ ውስጥ ይዋሉ፤ ማታ ወደ ማደሪያቸው ይግቡ። ቅርጫቱን ጥላና ፀሐይ በሚፈራረቁበት ደረቅ መሬት ላይ ይድፉት፤ በየቀኑም ቦታውን ይለውጡ። አንድ ቦታ ከቆየ መሬቱ በኩስ ይረጥብና ኮክሲዲዮሲስ ይመጣል። ይህ በሽታ ሦስት ሳምንት አካባቢ ያሉ ጫጩቶችን ይመታል፤ ኩሳቸው ደም ይቀላቅላል፣ ላባቸው ይንጨፈረራል፣ ክንፋቸውን ጥለው ይቆማሉ። በጊዜ ከደረሱበት ከእንስሳት መድኃኒት ቤት የሚገኘው አምፕሮሊየም በውሃ ተበጥብጦ ይሰጣቸዋል፤ የመድኃኒቱን መጠን ባለሙያው ይንገርዎት።

በቅርጫቱ ውስጥ ውሃ በዝርግ ዕቃ ያስቀምጡ፤ ውስጡ ጠጠር ይጨምሩበት፣ አለበለዚያ ትንንሾቹ ገብተው ይሰምጣሉ። መኖው ደግሞ ለጫጩት ተብሎ የተዘጋጀ ይሁን። እናት የምትበላውን ደፍን ጥሬ በትነው «ይበላሉ» አይበሉ፤ አይበሉትም። ሁለት እጅ የተከካ በቆሎ ከአንድ እጅ በደንብ ተቆልቶ ከተፈጨ አኩሪ አተር ጋር ቢደባልቁ 18 በመቶ ገደማ ፕሮቲን ይሰጥዎታል፤ የሕፃን ጫጩት ፍላጎትም እዚያ አካባቢ ነው። አኩሪ አተሩ የግድ ይቆላ፤ ጥሬው ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ንጥረ ነገር አለው። ምስጥ፣ ትላትል፣ ለምለም ቅጠል ከተገኘ ይጨመር። ጨው ከቁንጥር አይለፍ። የሻገተ እህል ደግሞ «ለዶሮ ይሁን» ተብሎ አይጣልላቸው። ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን ጉበት ያበላሻል፤ ጫጩት ላይ ደግሞ ይከፋል።

«መኖ ከየት አመጣለሁ?» ይሉኝ ይሆናል። አንዲት ጫጩት ከተፈለፈለች ጀምሮ እስከ አራት ሳምንቷ የምትበላው ሁሉ ተደምሮ ከግማሽ ኪሎ ብዙም አያልፍም። ለዘጠኝ ጫጩት አራት ኪሎ ተኩል ነው። ቤት ውስጥ ለዶሮ የሚተርፍ ጥቂት እህል ካለ ለትልልቆቹ ከመበተን ለጫጩቶቹ ማዋል እጅግ ይሻላል። ትልቋ ዶሮ ጭራ ትኖራለች። ጫጩቷ ግን ራሷን የምትችለው የመጀመሪያዎቹን አራት ሳምንታት ካለፈች በኋላ ነው።

ከዚህ ጋር አንድ ብልሃት ልንገርዎ፤ በደንብ ከተሠራበት ዓመትዎን ይለውጠዋል። ሁለት ዶሮዎች በአንድ ሰሞን መታቀፍ ሲጀምሩ እንቁላሉን በአንድ ቀን ያስታቅፏቸው። ሲፈለፍሉ የሁለቱንም ጫጩቶች ማታ በጨለማ ለአንዷ፣ ልጆቿን በደንብ ለምትጠብቀው፣ ያስረክቧት። በቅርጫት ውስጥ መኖና ውሃ እስከቀረበላቸው ድረስ አንዲት እናት የሁለቱን ልጆች ታሳድጋለች። ሁለተኛዋ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ተመልሳ እንቁላል ትጥላለች። አሳዳጊዋም ብትሆን ጫጩቶቹ አራት፣ አምስት ሳምንት ሲሞላቸውና ላባ ሲያወጡ ብትለይ ሁለት ወር ሙሉ አትባክንም።

ለማስታቀፍ የሚያስቀምጡት እንቁላል ከሳምንት ባይበልጠው ጥሩ ነው፤ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ፣ ሹል ጫፉ ወደ ታች ሆኖ፣ ሳይታጠብ ይቀመጥ። ከታቀፈች በሰባተኛው ቀን ማታ እንቁላሉን በባትሪ መብራት ያዩት፤ ሕይወት ካለው እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ የደም ሥር ይታያል፣ ከሌለው ጥርት ብሎ ያበራል። ጥርት ያለውን ያውጡት። ከጎጆው ገለባ ሥር አመድ ይነስንሱ፤ ቅማልና ቅንቅን የበዛባት ታቃፊ እንቁላሏን ጥላ ትነሳለች። ውሃና ጥሬ ቅርብ ያድርጉላት፤ በቀን አንዴ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው የምትነሳው።

አሁን ወደ በሽታው። በአንድ ሳምንት ውስጥ የመንደሩ ዶሮ ሁሉ ተራ በተራ ካለቀ፣ አረንጓዴ ቅዝን ካለ፣ አንገታቸው ከተጣመመ፣ አፋቸውን ከፍተው የሚተነፍሱና እግራቸውና ክንፋቸው የሚሽመደመድ ካሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ፈንግል ነው፤ በባለሙያዎች አነጋገር የኒውካስል በሽታ። ይህ በሽታ እ.ኤ.አ. በ1926 በኢንዶኔዥያ ጃቫና በእንግሊዝ ከታየ ወዲህ በዓለም ዙሪያ የጓሮ ዶሮን በመጨረስ የታወቀ ነው። ያልተከተበ መንጋ ውስጥ ብርቱው ዓይነት ከገባ ከአሥሩ ስምንቱን፣ አንዳንዴም ሁሉንም ይጨርሳል። ቫይረስ ስለሆነ መድኃኒት የለውም። ቴትራሳይክሊን ቢሰጡ፣ ነጭ ሽንኩርት ቢያጠጡ፣ በርበሬ ቢያበሉ አይመለስም። ሰዎች ለዚህ ገንዘባቸውን ሲያወጡ ማየት ያሳዝነኛል፤ ያንኑ ገንዘብ አስቀድመው ለክትባት ቢያውሉት ዶሮዎቻቸው ይተርፉላቸው ነበር።

ከክትባቱ ዓይነቶች ሁለቱን ልጥቀስ። ላሶታ የሚባለው በብዛት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ከፋብሪካ እስከ ዶሮዋ ዓይን ድረስ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት። ፍሪጅ በሌለበት ገጠር ይህ ከባድ ነው። በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ለገጠር ዶሮ ታስቦ የተሠራው አይ-ቱ የተባለው ክትባት ሙቀትን በተሻለ ይቋቋማል፤ ሆኖም ፀሐይ ላይ የሚቀመጥ ወይም ወር ሙሉ ከፍሪጅ ውጭ የሚከርም አይደለም። በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ በጥላ ይያዝ። ባለሙያው ከሁለቱ የትኛውን እንደያዘ ይጠይቁት።

አሰጣጡ ቀላል ነው። አንድ ሰው ዶሮዋን በጎኗ አጋድሞ አንድ ዓይኗ ወደ ላይ እንዲያይ አድርጎ ይይዛል። ሌላው ብልቃጡን ቀጥ አድርጎ አንድ ጠብታ ዓይኗ ላይ ያንጠባጥባል። ጠብታዋ በዓይኗ ላይ ተዘርግታ ዶሮዋ ዓይኗን እስክትጨፍን ይጠብቁ፤ ከዚያ ይልቀቋት። በአይ-ቱ ከሆነ ለአንድ ቀን ጫጩትም ለአውራ ዶሮም መጠኑ ያው አንድ ጠብታ ነው። ክትባቱ የሚበጠበጥበት ውሃ ክሎሪን ያለበት እንዳይሆን፤ ክሎሪን ሕያው ክትባትን ይገድላል። ተበጥብጦ ያደረ ክትባትም አይሰጥ።

ይህን በዓመት አንዴ አድርጎ መተው አይበቃም። መከላከያው እየደከመ ስለሚሄድ በየአራት ወሩ ይደገማል፤ በመሃል የተፈለፈሉት ጫጩቶችም አሉ። በሽታው በአካባቢዎ የሚነሳበት ወቅት ከታወቀ ከዚያ ወቅት አንድ ወር ቀድሞ መከተብ ነው። በሽታው ከገባ በኋላ ቢከተብ ቫይረሱን የተሸከሙት ዶሮዎች መሞታቸው አይቀርም፤ ያኔ «ክትባቱ ገደላቸው» ይባልና በሚቀጥለው ጊዜ ማንም አይመጣም። ክትባቱ የሚከላከለው ፈንግልን ብቻ መሆኑንም ለጎረቤቶችዎ አስቀድመው ይንገሯቸው። የዶሮ ፈንጣጣም ኮሌራም የራሳቸው መንገድ አላቸው።

አንድ ብልቃጥ ከመቶ በላይ ዶሮ ይከትባል። እርስዎ ብቻዎን ቢገዙት ይባክናል። አሥር ጎረቤት ተባብሮ በአንድ ጠዋት፣ ዶሮዎቹ ከማደሪያቸው ሳይወጡ፣ ሁሉንም መከተብ ነው የሚያዋጣው። ጎረቤት ያልተከተበ መንጋ ካለው በሽታው ሁልጊዜ እደጅዎ ነው።

ከገበያ የገዟትን ዶሮ ቀጥታ ከመንጋው ጋር አይቀላቅሉ። ለሁለት ሳምንት፣ ቢቻል ለሦስት፣ ለብቻዋ ራቅ አድርገው ያስቀምጧት፤ በሽታው ውስጧ ካለ በዚህ ጊዜ ይወጣል። ለመሸጥ ገበያ ወስደው ሳትሸጥ የመለሷትም እንደ አዲስ ትቆጠር። የሞተ ዶሮ ይቀበር፤ አይበላ፣ ለውሻ አይጣል። ብዙ ዶሮ በአንድ ጊዜ ሲሞት ፈንግል ብቻ አይደለም የሚጠረጠረው፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ሆንግ ኮንግ ውስጥ ከዶሮ ወደ ሰው ተላልፎ ሰዎችን የገደለው የወፍ ጉንፋንም ምልክቱ ይመሳሰላል። ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ወዲያው ያሳውቁ።

ማደሪያውን በተመለከተ ረጅም ምክር የለኝም። ከመሬት ከፍ ያለ፣ ኩሱ ወደ ታች የሚወርድበት፣ አየር የሚያገኝ፣ ለያንዳንዷ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ቆጥ ያለው ይሁን፤ ቀዳዳው ሸለምጥማጥ የማያሳልፍ መሆኑን በእጅዎ ፈትሹ። ግን አንድ ነገር አጥብቄ እለምንዎታለሁ፤ ዶሮዎቹ ሰው ከሚተኛበት ክፍል ይውጡ። የሁለት ዓመት ልጅ ያገኘውን ሁሉ አፉ ውስጥ ይከታል። የዶሮ ኩስ ሳልሞኔላና ካምፒሎባክተር የተባሉ ተቅማጥ አምጪ ባክቴሪያዎችን ይይዛል፤ በተደጋጋሚ የሚታመም አንጀት ደግሞ የበላውን ምግብ በደንብ አይወስድም። ልጁ የሚጫወትበት ቦታ ከዶሮዎቹ መዋያ በአጥር ይለይ።

ባለቤትዎ ስለሚሉት 30 ዶሮ ደግሞ እንነጋገር። የተሻሻለች እንቁላል ጣይ በዓመት 300 ያህል እንቁላል መጣሏ እውነት ነው። የምትጥለው ግን በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም የተመጣጠነ መኖ ስትበላ፣ ንጹሕ ውሃ ሳይቋረጥባት፣ ክትባቷ ሁሉ ሲሟላ ነው። ለ30 ዶሮ በቀን ሦስት ኪሎ ተኩል፣ በዓመት ከ12 ኩንታል በላይ መኖ ማለት ነው። ይህንን መኖ ከየት፣ በስንት፣ በየስንት ጊዜው እንደሚያገኙ ቁጭ ብለው ያስሉ። መኖው ከወጪው ሁለት ሦስተኛውን ያህል ይይዛል፤ የመኖ ዋጋ ሲወጣ የእንቁላል ዋጋ አብሮ የማይወጣበት ወቅት አለ። ጓሮ ተለቅቃ እየጫረች የዚያን ያህል እንቁላል አትሰጥም። አትታቀፍም፤ ስለዚህ በዓመት ከስድስት ወር አካባቢ መጣል ስትቀንስ ሌላ ቄብ መግዛት ይኖርብዎታል። በቅርብ አስተማማኝ መኖና ቋሚ ገዢ ያለው ሰው ይህን ሥራ ሠርቶ ያተርፍበታል። አንድ ጫጩት አሳድጎ ለማድረስ ገና የተቸገረ ቤት ግን በ30 ቢጀምር ኪሳራው ነው የሚቀድመው። መሃል ላይ ያለው መንገድ ለሥጋም ለእንቁላልም የሚሆኑ፣ መጫር የማያቅታቸው የተሻሻሉ ዝርያዎች ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ ተጨማሪ መኖ ይፈልጋሉ።

ጓሮዎ ራሱ ስንት ዶሮ እንደሚችል ማወቅም አለብዎት። ዶሮዎቹ የሚጭሩት ነፍሳት፣ የወደቀ ጥሬና ቅጠል መጠኑ የተወሰነ ነው፤ ጎረቤት ዶሮም ከዚያው ይበላል። ከሚችለው በላይ ሲበዙ መጀመሪያ የሚሞቱት ጫጩቶቹ ናቸው። ፀሐይ ስትጠልቅ ቆጥ ላይ ሲወጡ አንገታቸው ሥር ያለውን የምግብ ከረጢት በጣትዎ ይዳብሱ። ሞልቶ ጠንከር ካለ ቀኑን በልታ ውላለች። ለተከታታይ ቀናት የአብዛኞቹ ባዶና ለስላሳ ከሆነ ግቢው ጠቧል፤ ወይ መኖ ይጨመር ወይ ቁጥሩ ይቀነስ።

መቀነሱ ነው እንግዲህ ገቢዎ። ቄቦቹን ከበጎ እናቶች የወጡትን ያስቀሩ። ትርፍ አውራዎቹን ለገበያ እንደደረሱ፣ አራት አምስት ወር ላይ፣ ይሽጡ፤ ለአሥር ዶሮ አንድ አውራ ይበቃል፣ ቀሪው የቄቦቹን መኖ ነው የሚበላው። ያንንም አውራ በዓመት በዓመቱ ከጎረቤት ጋር ይቀያየሩት፤ ከልጆቹ ጋር እየተራባ ሲቆይ ጫጩቱ ደካማ፣ እንቁላሉ የማይፈለፈል ይሆናል። ትምህርት ቤት ከሚከፈትበት ቀን አምስት ወር ወደ ኋላ ቆጥረው ያስታቅፉ፤ ይህ 21 ቀኑንም ማደጊያውንም ይሸፍናል። የተፈለፈለው ሁሉ ማደግ ስላለበት፣ በቅርጫት ይዘው ልትመግቧቸው ከምትችሉት በላይ አያስታቅፉ። የተረፈውን እንቁላል ይሽጡት፤ ከሁሉ በፊት ግን ለትንሹ ልጅዎ ይቀቅሉለት። አንድ እንቁላል ስድስት ግራም ያህል ጥሩ ፕሮቲን፣ ለአእምሮ የሚያስፈልገው ኮሊንና ቫይታሚን ቢ12 አለው። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የኢኳዶር ጥናት በቀን አንድ እንቁላል ለስድስት ወር የተሰጣቸው ሕፃናት መቀንጨር በግማሽ ገደማ እንደቀነሰ አሳይቷል። በኋላ ማላዊ ውስጥ ሲደገም በቁመት ላይ ያን ያህል ለውጥ አልታየም። ቢሆንም ሌላ የእንስሳት ተዋጽኦ በማይበላበት ቤት እንቁላሉን ሁሉ ሽጦ ልጅን በባዶ እህል ማሳደግን አልመክርም።

በመጨረሻ ከባለቤትዎ ጋር የምትነጋገሩት ነገር አለ። በብዙ ቤት ዶሮዋ አምስት እስከሆነች ድረስ የሴቷ ናት፤ ሃምሳ ስትሆን ገንዘቡ በሌላ እጅ ይገባል፣ ሥራው ግን እዚያው ሴቷ ላይ ይቀራል። አሁን፣ ገና ሳይበዙ፣ ገንዘቡ ማን ዘንድ እንደሚቀመጥ፣ ከዚያም ምን ያህሉ ለትምህርት እንደሚውል፣ ማጽዳቱንና ውሃ መቅዳቱን ማን እንደሚሠራ ይስማሙ። የሚፈለፈለውን፣ የሚሞተውን ከነምክንያቱና የሚሸጠውን ትምህርት ቤት ያለው ልጅዎ በደብተር ይጻፍልዎት። ሦስት ዙር ካለፈ በኋላ ደብተሩን ይዛችሁ ቁጭ በሉ፤ ከዘጠኙ ስድስቱ ለሁለት ወር እየደረሱ ከሆነ፣ ክትባቱም በየአራት ወሩ ካልተቋረጠ፣ ያኔ በአምስት የተሻሻሉ ቄቦች ጀምራችሁ መኖው ምን ያህል እንደሚወስድ መሞከር ትችላላችሁ።